የሰማንያ ቀን ሕፃን ሳታምን ለምን ትጠመቃለች? ለአንድ አባት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የደረሰን ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦ «ባለቤቴ ሴት ልጅ ከተገላገለች ሁለት ወር አልፏል፤ ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ልናስነሣት እየተዘጋጀን ነው። ታናሽ እኅቴ የወንጌላውያን አማኝ ከሆነች ቆይታለች። አራሷን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ‹አዳኙ ክርስቶስ ነው ካላችሁ ውኃው ምን ይጨምራል? ያላመነች ሕፃን ማጥመቅስ ገላ ከማጠብ በምን ይለያል? አድጋ ራሷ ትምረጥ› ትለናለች። የምመልሰው አጣሁ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከነክነኝ አለ፤ ጌታ አምላክ ከሆነ በዮሐንስ እጅ መጠመቅ ለምን አስፈለገው? በየዓመቱ በጥምቀት በዓል የምንረጨውስ እንደገና መጠመቅ ነው? በመጨረሻም፣ እኅቴን በክርስትናው ቀን ልጥራት ወይስ ይቅር?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ለባለቤትዎ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልን። የምመልስልዎ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላይ ቆሜ ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው እኅትዎ ምላሹን ቢያነቡት ከየት ወገን እንደ ተጻፈ እንዳይጠራጠሩ ነው። ይሁን እንጂ የእርሳቸውን ሐሳብ አዳክሜ ወይም አጣምሜ ማቅረብ አልፈልግም፤ ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለምና።

ጥያቄዎቹ ብዙ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ እርሱም ጥምቀት የማን ሥራ ነው የሚለው ነው። ጥምቀት ሰው ስለ ራሱ እምነት በአደባባይ የሚሰጠው ምስክርነት ከሆነ እኅትዎ ትክክል ናቸው፤ መናገር የማይችል መመስከር አይችልም፣ ሕፃኗም እስክታድግ መጠበቅ ይገባታል። ጥምቀት ግን አዳኙ ራሱ በሰው ላይ የሚፈጽመው ሥራ ከሆነ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የተቀባዩ አቅም ሳይሆን የሰጪው ማንነት ይሆናል። ስለዚህ ወደ ውኃው ከመሄዳችን በፊት አዳኙ ማን ነው የሚለውን ማጥራት ያስፈልጋል። የጥንት አባቶችም የተከራከሩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእስክንድርያው ካህን አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ ብሎ አስተማረ። አርዮስ ክርስቶስን አዳኝ ብሎ መጥራቱን አልተወም፤ ያከብረውም ነበር። የተቃወመው በባሕርይ አምላክ መሆኑን ብቻ ነው። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ በትውፊታችን ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች፣ ወልድ «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ፣ በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል» መሆኑን ወስነው ትምህርቱን አወገዙ። ከጉባኤው በኋላ ግን ነገሩ አልበረደም። ለአሥርት ዓመታት ቤተ መንግሥቱ ጭምር ወደ አርዮሳውያን አዘንብሎ ሳለ የኒቅያን እምነት ከያዙት ዋነኛው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ነበር፤ ስለዚህም አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰድዷል።

አትናቴዎስ አርዮሳውያንን ከተከራከረባቸው መንገዶች አንዱ ጥምቀትን የሚመለከት ነው፤ ለጥያቄዎም ቀጥተኛ መልስ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ታጠምቃለች፤ ወልድ ፍጡር ከሆነ ሰው በከፊል በፈጣሪ፣ በከፊል በፍጡር ስም ይጠመቃል ማለት ነው። ፍጡርስ ፍጡርን ከፈጣሪ ጋር እንዴት ያዋሕዳል? እርሱም እንደ እኛ ከራሱ ውጭ ሕይወት የሚፈልግ ነውና። እንግዲህ አባቶች የክርስቶስን አምላክነት ያስረዱት ከመጻሕፍት ጥቅስ በመነሣት ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ በማጥመቂያው ከሚሆነው ነገር በመነሣትም ነበር። ጥምቀት ያድናል፤ የሚያድነው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ በስሙ የምንጠመቅበት ወልድ እግዚአብሔር ነው። የቂሣርያው ኤጲስ ቆጶስ ባስልዮስም ጥቂት ዘመን ቆይቶ ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት ሲጽፍ በዚሁ መንገድ ሄዷል።

ይህ ክርክር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የአክሱምን የመጀመሪያ ጳጳስ፣ ከሣቴ ብርሃን ሰላማ የምንለውን ፍሬምናጦስን፣ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነው። በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአርዮሳውያን ያደላ የነበረው የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ፈንታ በተተካው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ጠይቋል። የደብዳቤውን ቃል ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው። አስቡት፤ ወልድ ፍጡር ነው ወይስ ፈጣሪ የሚለው ጥያቄ ክርስትና በሀገራችን ገና ጀማሪ ሳለ ከአክሱም ቤተ መንግሥት ደጃፍ ደርሶ ነበር። በዚያ መልስ ላይ የቆመች ቤተ ክርስቲያን ናት ዛሬ ልጅዎን የምታጠምቀው።

አዳኙ አምላክ ብቻ ቢሆን፣ ሰውም ባይሆን፣ የእኛን ሞት ሊሞት አይችልም ነበር፤ ሰው ብቻ ቢሆን፣ ሊቃውንቱ እንደሚሉት ዕሩቅ ብእሲ ቢሆን፣ ሞቱ ከሌላው ሰው ሞት ባልተለየ፣ ማንንም ባላዳነ ነበር። ለዚህ ነው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ቄርሎስ በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን ያጸናው የተዋሕዶ ትምህርት፣ መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥና ያለ መለያየት አንድ ሆነዋል የሚለው፣ ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚሆን ረቂቅ ነገር ያልሆነው። የሞተው አምላክ በተዋሐደው ሥጋ ስለሆነ ሞቱ ለሁሉ ይበቃል፤ የተነሣው ሥጋም የእኛው ሥጋ ስለሆነ ትንሣኤው ይደርሰናል።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። ውኃው በክርስቶስ ሥራ ላይ የሚጨምረው ምንም የለም። ይህን ከእኅትዎ ጋር እኔም እስማማለሁ፤ መስቀሉ ጎደሎ ኖሮበት በማጥመቂያ የሚሞላ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ በቀራንዮ የተፈጸመው ሥራ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው በምን በኩል ነው? ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ ይህን ሲመልስ ከሞቱ ጋር አንድ እንሆን ዘንድ በጥምቀት ከእርሱ ጋር ተቀበርን ይላል። ጥምቀት ክርስቶስ እንደ ሞተ የሚያስታውሰን ሥዕል ብቻ ነው አላለም፤ በጥምቀት ተቀበርን፣ በአዲስ ሕይወትም እንድንመላለስ ሆነ አለ። ካህኑ ሕፃኑን ሦስት ጊዜ ወደ ውኃው የሚያጠልቀውና የሚያወጣው ስለዚህ ነው፤ በሥላሴ ስም፣ የሦስት ቀኑን መቃብርና ትንሣኤ በማሰብ። ጌታም ለኒቆዲሞስ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» ያለው ውኃውንና መንፈሱን ሳይነጣጥል ነው።

የገንዳው ውኃ በባሕርዩ ከለገዳዲም ሆነ ከአቃቂ ጉድጓድ በቧንቧ ከሚመጣልን ውኃ የተለየ አይደለም። የሚለየው የተጸለየበት ቃልና የሚወርድበት መንፈስ ቅዱስ ነው። በዚህ ረገድ የጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 21 ሁለቱም ወገኖች በግማሽ የሚጠቅሱት ቃል ነው። አንዱ «አሁን ያድነናል» የሚለውን ይዞ ይሮጣል፤ ሌላው «የሰውነትን እድፍ ማስወገድ አይደለም፥ ለእግዚአብሔር የበጎ ሕሊና ልመና ነው እንጂ» የሚለውን። ሐዋርያው ግን ሁለቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ከተናገረ በኋላ ኃይሉ ከየት እንደ ሆነ ሲጨምር «ይህም በኢየሱስ ክርስቶስ ትንሣኤ ነው» ብሏል። ገላ መታጠብ እንዳልሆነ የነገረን፣ የሚያድን መሆኑን የነገረን ያው ጴጥሮስ ነው።

የእርስዎ ጥያቄ፣ አምላክ ከሆነ ለምን ተጠመቀ የሚለው፣ ከሁሉ በፊት መጥምቁ ዮሐንስ ራሱ ያነሣው ነው። እኔ በአንተ ልጠመቅ ያስፈልገኛል ብሎ ሲከላከል ጌታ «አሁንስ ፍቀድልኝ፥ እንዲህ ጽድቅን ሁሉ መፈጸም ይገባናልና» አለው። የዮሐንስ ጥምቀት የንስሐ ጥምቀት ነበር፤ ክርስቶስ ግን የሚናዘዘው ኃጢአት አልነበረውም። የተጠመቀው ከውኃው አንዳች ሊቀበል ሳይሆን ለውኃው ሊሰጥ ነው፤ አባቶች ወደ ዮርዳኖስ በመውረዱ ውኃን ሁሉ ለእኛ ጥምቀት ቀደሰው ይላሉ። በዚያች ሰዓት ወልድ በውኃው ቆሞ፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ወርዶ፣ አብ «የምወደው ልጄ ይህ ነው» ብሎ ሲናገር የሥላሴ አንድነትና ሦስትነት ተገለጠ፤ እኛ የምንጠመቅበት ስምም በዚያው ታየ። በሀገራችን ትርጓሜ ደግሞ ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን አታልሎ ያጻፈውን የዕዳ ደብዳቤ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል እንዳስቀመጠ፣ ጌታም በጥምቀቱ የዮርዳኖሱን፣ በሞቱ የሲኦሉን እንደ ደመሰሰ ይነገራል። ይህ ትውፊት ለቆላስይስ ሰዎች በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ስለ ተደመሰሰው የዕዳ ጽሕፈት የሚናገረውን ቃል በታሪክ መልክ የሚያብራራ ነው፤ እንደ ወንጌል ቃል አድርገን ባንጠቅሰውም ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጥንት ዘመን ኢየሱስ የእግዚአብሔር ልጅ የሆነው በዮርዳኖስ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድበት ነው፣ ከዚያ በፊት ተራ ሰው ነበር የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ይህን አትቀበልም፤ በዮርዳኖስ የሆነው መገለጥ ነው እንጂ መሆን አይደለምና። በሀገራችንም ስለ ክርስቶስ ልደትና መቀባት በሊቃውንት መካከል ለረጅም ዘመን የተካሄደው ክርክር በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጊዜ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተዘጋው ሁለት ልደትን በማጽናት ነው፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ያለ አባት። ጥምቀቱ ሦስተኛ ልደት አልሆነለትም። ዳግም ልደት የሚያስፈልገን እኛ ነን።

ከሁሉ የሚከብደው የሕፃናት ጥምቀት ነውና በዚህ ላይ ጥቂት ልዘግይ። እኅትዎ የሚይዙት ዋነኛ ጥቅስ የማርቆስ ወንጌል 16፥16 እንደሚሆን እገምታለሁ፤ «ያመነ የተጠመቀም ይድናል፥ ያላመነ ግን ይፈረድበታል»። ማመን መጀመሪያ፣ መጠመቅ ቀጥሎ መጥቷል፤ ስለዚህ ያላመነ አይጠመቅም ይላሉ። ነገር ግን ጥቅሱ ሕፃናትን የሚመለከት ከሆነ ሁለተኛው ክፍሉም ሊመለከታቸው ነው፤ ያላመነ ይፈረድበታል። እኅትዎ አንዲት የሰማንያ ቀን ሕፃን ስላላመነች ይፈረድባታል እንደማይሉ አልጠራጠርም። እንግዲህ ቃሉ የተነገረው ወንጌል ሲሰበክላቸው ሰምተው ለሚቀበሉ ወይም ለሚክዱ ሰዎች ነው፤ የሕፃናትን ጥምቀት ለመከልከልም ለመደገፍም አይጠቀስም። አንዳንድ የእኛ ሰዎችም በበኩላቸው የልድያና የወኅኒ ጠባቂው ቤተ ሰዎች መጠመቃቸውን (የሐዋርያት ሥራ 16) እንደ መጨረሻ ማስረጃ ያቀርባሉ። በእነዚያ ቤቶች ሕፃናት እንደ ነበሩ መጽሐፉ በግልጽ አይናገርም። ሐዋርያት አንድን ቤት በአባወራው ወይም በእማወራዋ እምነት በአንድነት ይቀበሉ እንደ ነበር ግን ያሳያል፤ ከዚያ በላይ ልንጭንበት አይገባም።

ጠንካራው ማስረጃ ከዚህ ይጠልቃል። በብሉይ ኪዳን ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ስለ አብርሃም አምላክ ምንም አያውቅም ነበር፤ ሆኖም የኪዳኑ ልጅ ይሆን ነበር። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ጥምቀትን በእጅ ካልተደረገ መገረዝ ጋር አያይዞ ይናገራል። ጴጥሮስም በበዓለ ኀምሳ ንስሐ ግቡና ተጠመቁ ካለ በኋላ «የተስፋው ቃል ለእናንተና ለልጆቻችሁ» ነው ብሏል። ከአብርሃም ጀምሮ ሕፃናትን ያቀፈው ኪዳን በክርስቶስ ሲሰፋ ሕፃናትን ያስወጣል ማለት፣ አዲሱን ኪዳን ከአሮጌው ያጠበበ ያደርገዋል። በዚያ ላይ እኅትዎ የሚወዱት ቃል፣ ጸጋው በእምነት አድኖአችኋል፣ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም የሚለው፣ ስጦታውን ለማግኘት ምንም ሥራ ማቅረብ ከማትችለው ከሕፃኗ ይልቅ በማን ላይ ጎልቶ ይታያል?

የታሪኩን ጉዳይ በተመለከተ በሁለቱም በኩል ከእውነታው በላይ የቀለለ ነገር ሲነገር እሰማለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ክርስቲያኖች ሁሉ ልጆቻቸውን በሕፃንነት አጥምቀዋል የሚለው ትክክል አይደለም። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ በሰሜን አፍሪካ የካርታጎው ጸሐፊ ተርቱልያኖስ የሕፃናትን ጥምቀት ማዘግየት ይሻላል ብሎ ጽፏል። ባስልዮስም፣ ዮሐንስ አፈወርቅም ከክርስቲያን ቤት ተወልደው ሳለ የተጠመቁት ካደጉ በኋላ ነው። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ አባቱ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ሳለ ራሱ የተጠመቀው በጉልምስናው ነው፤ በ381 እ.ኤ.አ. ስለ ጥምቀት ሲሰብክም ለሞት የሚያሠጋ ነገር ከሌለ ልጆች እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ይቆዩ የሚል ምክር ሰጥቷል። እኅትዎ ይህን ቢጠቅሱልዎ አይደንግጡ፤ እውነት ነው።

ነገር ግን የተርቱልያኖስ ተቃውሞ ራሱ የሕፃናት ጥምቀት በዘመኑ ይደረግ እንደ ነበር ይመሰክራል፤ የሌለን ልማድ ማንም አያዘገይም። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የልዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ኄሬኔዎስ በክርስቶስ ለእግዚአብሔር ዳግም ከሚወለዱት መካከል ሕፃናትን ቆጥሯል። ሲኖዶስ በሚባለው የግእዝ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ጥንታዊ የሐዋርያት ሥርዓትም አስቀድሞ ሕፃናት እንዲጠመቁ፣ ስለ ራሳቸው መናገር ለማይችሉት ወላጆቻቸው ወይም ዘመዶቻቸው እንዲመልሱላቸው ያዝዛል። በ253 እ.ኤ.አ. ገደማ አንድ ኤጲስ ቆጶስ ሕፃናት እንደ ግዝረት ስምንት ቀን ሊጠበቁ አይገባምን ብሎ ቢጠይቅ፣ የካርታጎው ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስና ሌሎች 66 ኤጲስ ቆጶሳት በዚያው ተሰብስበው ያን ያህል እንኳ መጠበቅ አያስፈልግም ብለው መለሱ። ልብ ይበሉ፣ እነዚህ ሁሉ የተወያዩት መቼ ይጠመቁ በሚለው ላይ ነው። ጎርጎርዮስም ሕፃኑ ካሠጋ ሳያውቅ እንኳ ይጠመቅ፣ የጥምቀትን ማኅተም ሳይቀበል ከሚሞት ይሻለዋል ብሏል። በሕፃንነት የተፈጸመ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም፣ ሰውየው ሲያድግ እንደገና ይጠመቅ የሚል ትምህርት በእነዚህ አባቶች ዘንድ አይገኝም። ያን ሐሳብ ይዞ ሰፊ እንቅስቃሴ የሆነው በ1525 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ዙሪክ የጀመረው የአናባፕቲስቶች ወገን ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ሉተር እንኳ አጥብቆ ተቃውሟቸዋል።

ስለዚህ ይህ ጥያቄ ኦርቶዶክስንና ፕሮቴስታንትን በሁለት ከፍሎ የሚያቆም አይደለም። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ካቶሊካውያንም እንዲሁ። ቃለ ሕይወት፣ መሠረተ ክርስቶስና ሙሉ ወንጌል ግን የሚያጠምቁት አምኖ የመሰከረውን ነው። እኅትዎ ከየትኛው እንደ ሆኑ አልነገሩንም፤ ቢጠይቋቸው ውይይቱ ከስሜት ወደ ነጥብ ይመለሳል ብዬ አስባለሁ።

የእነርሱ ስጋት ግን ሊናቅ አይገባም። ተጠምቆ የማያምን፣ ማተብ አስሮ ክርስቶስ ማን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ በእኛም በእነርሱም ሰፈር። እርስዎ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነዎትና በዚሁ ልመስልልዎ። አባት ቤቱን በሕፃን ልጁ ስም ካርታ ቢያወጣለት ቤቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ የልጁ ነው፤ ልጁ ማንበብ እስኪችል አይጠበቅም። ሆኖም ልጁ አድጎ በሩን ከፍቶ ካልገባበት፣ ካርታው በእጁ ሳለ ውጭ ያድራል። ጥምቀቱ እውነተኛ ስጦታ መሆኑን እኛ አጥብቀን እንይዛለን፤ እነርሱ ደግሞ መግባት እንደሚያስፈልግ አጥብቀው ይናገራሉ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛውን አትክድም፤ የክርስትና እናት የምትቆመው ለዚሁ ነው። በሥርዓቱ ወደ ምዕራብ ዞራ ስለ ሕፃኗ ሰይጣንን ትክዳለች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ በክርስቶስ ማመንዋን ትመሰክራለች። ይህም ስለ ሕፃኗ የተገባ ቃል ነው፤ ልጅቱ ነፍስ ስታውቅ የማስተማሩ ኃላፊነት በቃል ገቢዋና በወላጆቿ ላይ ነው። በተግባር ግን የክርስትና እናት የምትመረጠው ስጦታ ለማምጣት በሚኖራት አቅም እየሆነ ነው፤ ድግሱም ወላጆችን ዕዳ ውስጥ እስከ መክተት ደርሷል። ይህ እኅትዎ ቢተቹት የማልከላከለው ነገር ነው።

ሳይጠመቅ የሞተስ የሚለው ጥያቄ በአያቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ ከጭንቀት ጋር ይነሣልና ባጭሩ ልንካው። ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ ሳይጠመቅ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተብሏል፤ ሳይጠመቁ በሰማዕትነት የሞቱትንም ቤተ ክርስቲያን በደማቸው ተጠመቁ ትላለች። እኛ ሥርዓቱን እንድንፈጽም ታዝዘናል፤ እግዚአብሔር ግን በሠራው ሥርዓት የታሰረ አይደለም። ስለዚህ ወንበዴውን ጠቅሶ ጥምቀትን መተው፣ ጥምቀትን ጠቅሶም በሕፃናት ላይ መፍረድ፣ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ልጅዎ ድንገት ብትታመምና ለሕይወቷ ቢያሠጋ ሰማንያ ቀን ሳይጠበቅ እንደምትጠመቅ ደግሞ ይወቁ፤ ለካህን ወዲያው መንገር ነው።

ቀኑ ራሱ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 መሆኑ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ከተጻፈው የእናት የመንጻት ቀን ጋር የተያያዘ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይናገራል፤ ሕፃኗም በዚያው ቁጥር ሔዋን ወደ ወጣችበት ገነት ትመለሳለች ማለት ነው። ሥርዓት ነው፤ ድኅነቷ በቁጥሩ ላይ አልቆመም።

ጥር 11 ቀን የምንረጨው ውኃ እንደገና መጠመቅ አይደለም። በየቅዳሴው የምንጸልየው ጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት» ይላል፤ አንዲት ጥምቀት ናት፣ አትደገምም። በከተራ ታቦታቱ ወርደው በጥምቀተ ባሕሩ የሚያድሩት፣ በማግሥቱም ውኃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ የሚረጨው፣ የጌታ ጥምቀት መታሰቢያና ለሕዝቡም በረከት እንዲሆን ነው። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ በዓል ነው። እንጦጦም ሆነ ሌላ ቦታ ጠበል የሚጠመቅ ምእመን በእምነት ፈውስና በረከት ይሻል እንጂ ዳግመኛ ክርስቲያን አይሆንም፤ ቀድሞውንም ነውና።

እኅትዎን በተመለከተ፣ ይጥሯቸው። የክርስትና እናት መሆን አይችሉም፤ በዚያ ቦታ የምትቆመው የቤተ ክርስቲያኒቱ አባል ሆና በሥርዓቱ ቃል መግባት የምትችል መሆን አለባትና፣ ይህን ደግሞ እርሳቸውም አይፈልጉት ይሆናል። አክስትነታቸውን ግን ማንም አይወስድባቸውም። ከዚያ በፊት በቤታችሁ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ የሮሜ መልእክትን ምዕራፍ 6 አብራችሁ ብታነቡ መልካም ነው፤ አንዳችሁ ሌላውን ለመርታት ሳይሆን ጳውሎስ በጥምቀት ተቀበርን ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ለመመርመር።

ወደ አጥቢያችሁ ካህን ዘንድ ቀኑ ሳይደርስ ይሂዱ። የክርስትና ስሟን፣ የክርስትና እናቷን ማንነትና ባለቤትዎ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገቡበትን ሁኔታ ይነጋገሩ። ሕፃኗ ከተጠመቀች በኋላ በዚያው ዕለት ሜሮን ተቀብታ ሥጋ ወደሙ ትቀበላለች፤ ስለዚህ በዚያን ቀን ጡት የምትጠባበትን ሰዓትም ካህኑን መጠየቅ እንዳይረሱ።